የእማዬ ራስ ምታት ምች አልነበረም

እማዬ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን አይለዋወጥም። ጠዋት ቡሃቃውን ትከፍታለች። ሊጡ ላይ የቋጠረውን ውሃ ትቀዳለች፣ አብሲት ትጥላለች፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል እሳቷን ታነድዳለች። ምጣዱ መጋሉን በዓይኗ አይታ አይደለም የምታውቀው። ጎመን ዘር በተን ታደርግበትና በማሰሻ ታሸዋለች። ከሽታው ትረዳለች። "ገና ነው" ትላለች። ወይም "በዛ፣ እንጨቱን ሳብ አድርጊው።" እሳትን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

የመጋገሪያ ቀን ከሰዓትም አይለዋወጥም ነበር። እማዬ ራሷን በሻሽ አጥብቃ ታስርና መደብ ላይ ጋደም ትላለች። ፊቷ ይገረጣል። ያቅለሸልሻታል። "ምች መታኝ" ትላለች። ከጎረቤት ዳማከሴ ይመጣል። ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ከቡና ጋር ይጠጣል። ማታ ላይ ይሻላታል። እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያት ማዕድ ቤት ስውል ራሴን ያመኝ ነበር። እንጀራ የጋገረ ሰው ምች ይመታዋል፣ አለቀ። ማንም አይጠይቅም።

ይሄን የምጽፈው ምች አለመሆኑን ያወቅነው አምና ነሐሴ ላይ ስለሆነ ነው። ያወቅንበት መንገድ ደግሞ ዛሬም ሳስበው ሆዴን ያባባዋል።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በክረምት ውሃ ሲነኩት ጣት ይቆረጥማል። እሳት እዚያ የማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ግን መብራት አለ ብለሽ ሊጥ አቡክተሽ፣ ሊጡ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋል። የደረሰ ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ እንጨቱም፣ ኩበቱም፣ ምድጃውም ከቤት አልወጡም። በመላው አገሪቱም ቢሆን ከ10 ቤት 9ኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። እንጨት ማንደድ ኋላቀርነት ነው የሚለውን ወሬ ትቼ፣ እያነደድን እንዴት በጤና እንደምንኖር ማውራት እመርጣለሁ።

ድሮ የነበረን ምድጃ ሦስት ጉልቻ ነው። እሳቱ በሁሉም በኩል ክፍት ነው። ነፋስ ሲመጣ ነበልባሉ ወደ እግር ይዞራል። ጭሱ ጣሪያውን ዞሮ ዞሮ በበሩ አናት ይወጣል። የማዕድ ቤቱ ቆርቆሮ ከውስጥ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የእማዬ ዓይን ሁልጊዜ ቀይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እንደ ፈረንጆቹ፣ የቤት ውስጥ ጭስ ባመጣው በሽታ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰር። ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ በእናቴ ሳንባም አልፏል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምርጥ ምድጃ ገዛሁላት። ለማያውቀው፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርጽ ተጠፍጥፎ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራ ነው። አራቱ ቁራጭ ክብ ሆኖ ይገጥምና ምጣዱን ይሸከማል። ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ድስት ይጣድባቸዋል፤ ጭሱም የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። እሳቱ ስለታጠረ ሙቀቱ አይባክንም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም። "እሳቴን ደበቅሽብኝ" አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት የእንጨቱ ክምር አለመጉደሉን ስታይ ዝም አለች።

ትንሽ ቆይቼ ብየዳ ቤት ሄጄ ጭስ ማውጫ አሠራሁ። ከላሜራ የተጠቀለለ ቱቦ፣ ከምድጃው ጀርባ ተነስቶ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ዝናብ እንዳይገባ ቆብ ያለው። የተተከለ ቀን ግቢው በሙሉ ወጥቶ አየ። ማዕድ ቤት ውስጥ ጭስ የለም! ጭሱ ከጣሪያ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እማዬ መረቀችኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ዳማከሴ ከቤታችን ጠፋ። ይሄን ያስተዋልኩት ግን ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሕመም ሲመጣ እንጂ ሲቀር ማን ልብ ይላል?

ከዚያ በኋላ ያን ቱቦ ማንም አልነካውም። ምድጃውን ገዛሁ፣ ቱቦውን አሠራሁ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብየዳ ቤቱም ስለ ማጽዳት ምንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አምና ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። እንጨቱ ርሷል። እማዬና የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሲጋግሩ ዋሉ። ለብርዱ ብለው በሩን ዘግተዋል፤ መስኮቷንም በጆንያ ወትፈዋታል። ጋግረው ሲጨርሱ ፍሙ ደህና ነበርና እዚያው ቁጭ ብለው መሞቅ ጀመሩ። እኔ ከአዲስ አበባ የደረስኩት አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። በሩን ስከፍት ቤቱ ይሞቃል፣ ደስ ይላል። ጭስ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ "መጣሽ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን የሰከረ ሰው ድምፅ ነው። ልጅቷ ልትስመኝ ብድግ ስትል ጉልበቷ ከዳትና ተመልሳ ቁጭ አለች። ድመቷ ምድጃው ሥር ተዘርግታለች። ስነካት አልተነሳችም።

ምን እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ "ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። እየጎተትኩ ዝናብ ላይ አወጣኋቸው። ልጅቷ በረንዳው ላይ አስመለሳት። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የተቀበለችን ነርስ ወጣት ናት። ብዙ አላወራችም፤ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ስንት ሰው ነው ያመመው? አንድ ላይ ነው የጀመራቸው? በሩ ተዘግቶ ነበር? መልሴን ሰምታ ወዲያው ሁለቱንም ኦክስጅን አደረገችላቸው።

እማዬ ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ "ጭስ እኮ አልነበረም ልጄ፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው" አለቻት።

"እሱ ነዋ እማማ" አለች ነርሷ፤ "ጭስ ቢኖርማ ዓይንዎን ሲያቃጥልዎት ይወጡ ነበር።"

ይቺን ንግግር አልረሳትም። ጭስ ያስቆጣል። ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ ያባርራል። እነ እማዬን የመታቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። እንጨት ወይም ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ፍም ቀይ ሆኖ፣ ጭሱ አልቆ፣ "አሁን ጸዳ" ስንል ነው በደንብ የሚወጣው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ግን ለአንጎሉ አይደርስም። ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፣ እንቅልፍ ይመጣል። እንቅልፉ ነው አደገኛው። እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፤ የሚቀነስበት ትርፍ የለውም።

ታዲያ ከምች በምን ይለያል? እኔ አሁን የማየው እንዲህ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ካንድ ሰው በላይ በአንድ ሰዓት ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ሲመለሱ ከጀመራቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸው፣ ቤት ውስጥ ያለው እንስሳም ከደከመ፣ ያ ምች አይደለም። በሩን መክፈት፣ ሰውን ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ ሽታው የልጅነቴ ሽታ ነው። ዳማከሴ እስኪጨመቅ ግን በዚያ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይገባም። ለካ እማዬን ማታ ማታ የሚሻላት ከማዕድ ቤት ስለወጣች ነው።

ስለ ምድጃ ላወራ ነው የተነሳሁት፤ ግን ስለ ከሰል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብርድ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በሩ ይዘጋል። በተለይ አራስ ቤት። አራሷን ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱ ይደፈናል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ከሰል ይገባል፣ እጣን ይጨሳል። ጨቅላው እዚያ መሐል ነው። ከፍቅር ነው የሚደረገው። እኔም እህቴ የወለደች ጊዜ ማንደጃውን በእጄ ይዤ ገብቻለሁ። ዛሬ ብሆን ኖሮ ብርድ ልብስ እደርብላት፣ ውሃ አሙቄ በጠርሙስ እግሯ ሥር አደርግላት ነበር። የተኛ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ፍም አይገባም። "ትንሽ ነው"፣ "ሊጠፋ ነው"፣ "አመድ ለብሷል" የሚባል ነገር የለም። አመድ የለበሰው ፍምም ይተነፍሳል።

በማግስቱ ጠዋት ቱቦውን በመቆስቆሻ መታ መታ አደረግኩት። ታችኛው ክፍል ጥርት ያለ የቆርቆሮ ድምፅ አለው። ወደ ላይ ስሄድ ድምፁ ደነዘዘ። ልክ አሸዋ የሞላ ጣሳ እንደመምታት። ከጎረቤት መሰላል ተውሰን አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጣና ቆቡን አነሳው። የቱቦው አፍ ስፋቱ አንድ ስንዝር ያህል ነበር። የቀረው ቀዳዳ የሻይ ብርጭቆ አፍ አያህልም። ዙሪያውን የተጋገረው ጥቀርሻ ላዩ እንደ ከሰል ይፈረፈራል፤ ሥሩ ግን ሬንጅ ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ በቢላ ሲፍቁት የሚያጣብቅ።

ይሄ ሬንጅ የመጣው ከእርጥብ እንጨት ነው። ጭስ ማለት እኮ ያልነደደ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃውን በማፍላት ነው። እሳቱ ይቀዘቅዛል፤ ጭሱ ሳይነድ ወደ ቱቦው ይገባል፤ ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ እዚያው ላይ ጠል ይሆንና ይጣበቃል። ቀን በቀን ይደራረባል። መጥበቡ አንድ አደጋ ነው፤ ሌላም አለ። ያ ሬንጅ ራሱ ማገዶ ነው። አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ ፍንጣሪ ቢያገኘው ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ላሜራው ይግላል፤ ጣሪያው እንጨት ነው። የኛ ቱቦ ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ከሞራሌው ጋር ተጠግቶ ነበር። ሞራሌው በዚያ በኩል ጠቁሯል። ያን ቀን ነው ሁለት ጊዜ መትረፋችን የገባኝ።

ቱቦውን ነቅለን አስተካከልነው። ጣሪያው ላይ ቀዳዳውን አስፍተን ዙሪያውን ሰፊ ላሜራ አደረግንለት፤ አሁን ቱቦው ከየትኛውም እንጨት ጋር አይነካካም። አንድ መታጠፊያ ነበረው፤ እሱን አስወግደን ቀጥ አደረግነው። ጭስ የሚወጣው ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቀጥ ያለና ረዘም ያለ መንገድ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ጥቀርሻውም እዚያ ይከማቻል። ጫፉን ከጣሪያው ጀርባ በላይ አስረዘምነው፤ አለዚያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። ከታች ደግሞ የሚከፈት ትንሽ በር አሠራንለት፣ የወደቀው ጥቀርሻ የሚጠረግበት። ብየዳ ቤት የምትሄዱ ሰዎች ይሄን በር ሳታሠሩ እንዳትመለሱ። ትንሽ ገንዘብ ነው።

ማጽጃችን ቀላል ነው። ረጅም ቀርከሃ ጫፉ ላይ ጆንያ በሽቦ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርበታል። እሳቱ ከጠፋና ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ጠዋት፣ የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጆንያ እንሸፍናለን። አፍና አፍንጫችንን እናስራለን። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይታሻል። በበጋ በየሁለት ወሩ ይበቃናል። በክረምት በየወሩ። ሰኔ ሳይገባ ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ። ብዙ የምትጋግሩ፣ በተለይ እንጀራ ለገበያ የምታወጡ፣ ከዚህም ማጠር አለበት። ልኩን የሚነግራችሁ ጥቀርሻው ነው፤ ቱቦው ውስጥ የትንሿን ጣት ግማሽ ውፍረት ሳያክል ይጠረግ።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ሥሩ እሱ ነውና። እኛ የምናነደው ባህር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይቆረጣል፣ እና ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ይሸጣል። ዛሬ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ ውሃ ነው። ደህና የሚነድ እንጨት ግን ውሃው ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። የምንገዛው በሸክም ስለሆነ፣ እርጥቡን ስንገዛ ለውሃ ነው የምንከፍለው። እማዬ ይሄን ሁሉ በመለኪያ ሳይሆን በጆሮዋ ታውቃለች። ሁለት ፍልጥ ታጋጫለች። ደረቁ ጥርት አድርጎ ይጮኻል፤ እርጥቡ ድፍን ነው። የፍልጡን ጫፍ ታያለች፤ የደረቀ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ልጡ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል። እሳት ውስጥ ሲገባ ጫፉ ላይ አረፋ ካወጣና ሲጥጥ ካለ፣ አልደረቀም።

እውቀቱ ነበረን ማለት ነው። ያልነበረን ጊዜው ነው። ሐምሌ ላይ ገዝቶ ሐምሌ ላይ ማንደድ አይሆንም። አሁን የክረምቱን እንጨት ጥር ላይ እንገዛለን። ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ይፈለጣል፤ ግንዱ ሳይፈለጥ ቢከመር ዓመትም አይደርቅም። ከመሬት በድንጋይ ከፍ ተደርጎ፣ ከላይ ቆርቆሮ ተጥሎበት፣ ጎንና ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ሆኖ ይደረደራል። በፕላስቲክ ሸራ ጥቅልል አድርጎ መሸፈን ያሻግተዋል። ኩበቱም እንዲሁ ነው፤ እርጥብ ኩበት ከእርጥብ እንጨትም ይብሳል።

ሲነድም አፉን አለመጠቅጠቅ ነው። ሁለት ሦስት ፍልጥ፣ እያለቀ ሲሄድ እየገፉ። አየር ሲገባ ነበልባሉ ይደምቃል፣ ጭሱ ይቀንሳል። በጋገርን ቁጥር የትናንቱን አመድ ሳንጠርግ ማንደድ ደግሞ የምድጃውን ሆድ ይሞላዋል፤ እሳቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። የምድጃው ቁርጥራጮች የሚጋጠሙበት ቦታ ሲሰነጠቅ በጭቃ እንመርገዋለን። ምጣዱ ዳር ላይ ክፍተት ካለ ጭሱ በዚያ ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይመጣል፤ እሱም ይመረጋል።

እሳት ለማቀጣጠል ፌስታል መጠቀም ትተናል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የጎማ ቁራጭ፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ጀሪካን ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ እንጀራውም ላይ ያርፋል። ላምባ ደግሞ ጨርሶ። ፍም ላይ ላምባ ያፈሰሰች ሴት ፊቷ ላይ ምን እንደደረሰ ሰፈራችን ያውቃል። ጭራሮና ደረቅ ቅጠል፣ ትንሽ ትዕግስት፣ ይበቃል።

ስለ አመድ እማዬ የምታውቀው ከሁላችን ይበልጣል። ክብሪት ውድ በነበረበት ጊዜ እሳት አይጠፋም ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ፍሙ ቀይ ሆኖ ይገኛል። የጠፋበት ሰው በገል ይዞ ከጎረቤት እሳት ይጭራል። እንግዲህ አመድ እሳትን ሌሊቱን ሙሉ አሳድሮ ለጠዋት የሚያስረክብ ከሆነ፣ "ቀዝቅዟል" ብሎ በፌስታል ወይም በጆንያ አጥር ሥር መድፋት ምን ማለት ነው? ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቆየ የጥድ አጥር በዚሁ ነደደ። አመዱ የተደፋው ማታ ነው፤ አጥሩ የተቀጣጠለው ሌሊት ነፋስ ሲነሳ። እኛ አመዱን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ አድርገን፣ ከግድግዳና ከእንጨት አርቀን፣ ሁለት ቀን እናሳድረዋለን። ከዚያ ድስት እናጥብበታለን፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ እንነሰንስበታለን፣ የተረፈው ጎመኑ ሥር ይደፋል።

ልብስም ይታሰብበት። ነጠላ እያንዘረፈፉ፣ በናይለን ቀሚስ እሳት ዳር መቀመጥ አይገባም። ማዕድ ቤት በር ላይ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ጣሳ አሸዋ አስቀምጠናል። ከምድጃው ፊት አንድ እርምጃ ያህል ቦታ ልጅ አይገባበትም፤ ወለሉ ላይ በኖራ አስምረንበታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ብቻውን እሳት ዳር እንዳይቀመጥ አደራ እላለሁ። ክፍት እሳት ላይ የወደቁ ሰዎችን ጠባሳ ያየ ያውቀዋል። ሰው ከተቃጠለም ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ለእናቶቻችሁ ምን እንላክ ስትሉ እሰማለሁ። አሜሪካና አውሮፓ ብዙ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ በባትሪ የምትሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አለች። ጋዙ ሲበዛ ትጮኻለች። መዳፍ ታክላለች። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አትይዝም። የኛን ያመጣችልን አክስቴ ናት። ማዕድ ቤት ውስጥ ከምድጃው ራቅ ብላ ተሰቅላለች። ባትሪዋን የምታየው የእህቴ ልጅ ናት። መስኮቷም ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንያ አልነካትም፤ ብርድ ቢሆንም በእሳት ጊዜ በሩ ገርበብ ይላል፣ ሰውም ጋቢውን ይደርባል።

ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ድመቷም ተርፋለች፣ ወልዳለች። እማዬ የዚያን ሰሞን ብዙ አላወራችም። አንድ ማታ ብቻ ቡና እያፈላች "አያትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ምች እያልን…" አለችና አቋረጠችው። አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳሏ አይለቃትም ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም። ጀበናውን ጣደችው።

ባለፈው ሳምንት ለመጋገር ተነስተን ነበር። ሊጡ ደርሷል። እንጨቱ ገብቷል። ክብሪቱን አነሳሁ። እማዬ ከቡሃቃው ላይ ቀና ሳትል "ቱቦውን መታሽው?" አለችኝ። ክብሪቱን መልሼ አስቀመጥኩ። መቆስቆሻውን አንስቼ ከታች እስከ ላይ መታ መታ አደረግኩት። እማዬ እጇ ሊጥ እንደሆነ ጆሮዋን ቀስራ ሰማች።

"እሺ" አለች፤ "አሁን ለኩሺ።"